አምባው ላይ 4፣ ሥሩ 400
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን። ደሴ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ (በዳይስ የሚመራ የምናብ ጀብዱ ጨዋታ) የምንጫወት ጓደኛሞች ነን፤ የምንከተለው የ2014ቱን የ5ኛ እትም ደንብ ነው። የጨዋታው መሪ ካርታውን የሳለው መቅደላን አስቦ ነው፤ ዙሪያው ገደል፣ መውጫው አንድ ጠባብ መንገድ። 400 ወታደር ሥሩ ሰፍሯል። እኛ ዊዛርድ (ድግምተኛ)፣ ድሩይድ (የተፈጥሮ ድግምተኛ)፣ ክለሪክ (ካህን) እና ፋይተር (ተዋጊ) ነን፤ ሁላችንም 5ኛ ደረጃ ደርሰናል። ዊዛርዳችን «ፋየርቦል (የእሳት ድግምት) አለኝ፣ ሜዳው ላይ ወርደን እንግጠም» ይላል። ያዋጣናል?

መልስ፦ አያዋጣም፣ አትውረዱ። መቅደላን ካነሣችሁ አይቀር፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ ጦር ከፍታውን ለቆ ወደ እሮጌ ሜዳ ሲወርድ በእንግሊዞቹ ጠመንጃ ረግፏል። በእናንተም ጨዋታ ሜዳው የቀስተኛ ነው።

ስሌቱን እንየው። ፋየርቦል እስከ 150 ጫማ ድረስ ይወረወራል፤ ከወደቀበት ቦታ በየአቅጣጫው 20 ጫማ ያቃጥላል። ጉዳቱ 8 ባለ 6 ፊት ዳይስ ተጥሎ የሚደመር ነው፤ አማካዩ 28። ተራ ዘበኛ 11 የሕይወት ነጥብ ስላለው ሴቪንግ ትሮው (ጉዳትን ለመቋቋም የሚጣለው ዳይስ) ቢሳካለት እንኳ ግማሹ፣ 14ቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይገድለዋል። ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ በቆመ ጦር ላይ ቢወድቅ 50 ያህል ሰው ይጥላል። ግን ይህ የሚሆነው አንዴ ነው። ልምድ ያለው አዛዥ ወዲያው ሰዎቹን ይበትናል፤ በመካከላቸው 15 ጫማ ካለ አንድ ፋየርቦል የሚያገኘው 5 ወይም 6 ሰው ብቻ ነው። የ5ኛ ደረጃ ዊዛርድ ያለው ደግሞ 2 የ3ኛ ደረጃ ስሎት (ፋየርቦልን የመሰለ ድግምት የሚጣልበት ዕድል) ነው፤ አንድ ሰዓት ዐርፎ በአርኬን ሪከቨሪ ችሎታው አንዱን ቢያስመልስ በቀን 3 ይሆናል።

ከዚህ የሚከፋው ርቀቱ ነው። ሎንግቦው (ረጅም ቀስት) ያለ ምንም ቅጣት የሚመታውም እስከዚያው እስከ 150 ጫማ ነው። ዊዛርዳችሁ በሜጅ አርመር ድግምት 15፣ በሺልድ ድግምት 20 አርመር ክላስ (አጥቂው ለመምታት ሊደርስበት የሚገባ ቁጥር) ቢኖረውና 40 ቀስተኞች በ4 ጭማሪ ቢተኩሱበት 10 ያህሉ ይመቱታል። እያንዳንዱ ቀስት በአማካይ 6.5 ጉዳት ያደርሳል፤ ድምሩ 65 ነው። የእርሱ የሕይወት ነጥብ ግን ቢበዛ ከ30 ጥቂት ቢያልፍ ነው። ስለዚህ መወርወር ካለበት ከገደሉ አፋፍ ላይ ይወርውርና እዚያው ይተኛ። መተኛት እንቅስቃሴ አይቆርጥበትም፤ ከሩቅ የሚተኩስበት ሁሉ ዲሳድቫንቴጅ (ሁለት ዳይስ ጥሎ ትንሹን መውሰድ) ይይዘዋል። ለመነሣት ግን የእንቅስቃሴውን ግማሽ እንደሚከፍል አይርሳ።

የእናንተ ትልቁ መሣሪያ ድሩይዷ ናት። ስፓይክ ግሮውዝ 2ኛ ደረጃ ድግምት ነው፤ የመንገዱን 40 ጫማ ርዝመት በእሾህ ይሞላዋል። የገባበት ሰው በየ5 ጫማው 2 ባለ 4 ፊት ዳይስ ጉዳት ይቀበላል፤ አማካዩ 5 ነው፤ ዘበኛው ሦስተኛው 5 ጫማ ላይ ይወድቃል። ድግምቱ ሲጣል ያላየ ሰው እሾህ መኖሩን በቀላሉ አይለይም፤ ስለዚህ ጠላት ከመድረሱ በፊት ኩርባ ላይ ይጣል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን የወረደ ሰው ምን ዓይነት ኩርባ እንደምንል ያውቃል፤ ከኋላ ያለው ፊተኛው ምን እንደደረሰበት አያይም። የሚቆየው ግን 10 ደቂቃ ነው፤ ያውም ኮንሰንትሬሽኑ (ድግምቱን የሚያቆየው ትኩረት) ካልተሰበረ። ድሩይዷ ቀስት ከነካት ድግምቱን ልታጣው ትችላለችና ከአለት ጀርባ ትቀመጥ።

ሁለተኛው ፕላንት ግሮውዝ ነው፤ ብዙ ሰው ለእርሻ ብቻ ይመስለዋል። ከመሐሉ በየአቅጣጫው 100 ጫማ ያለውን ሣርና ቁጥቋጦ ያጠላልፋል፤ ውስጡ ያለ ሰው አንድ ጫማ ለመራመድ 4 ጫማ እንቅስቃሴ ይከፍላል። በዙር 30 ጫማ የሚሄድ ወታደር 7 ጫማ ተኩል ብቻ ይሄዳል፤ እየሮጠ ዳር ከዳር ለማቋረጥ እንኳ 14 ዙር ይፈጅበታል። ኮንሰንትሬሽን አይጠይቅም፤ ስለዚህ ከስፓይክ ግሮውዝ ጋር አብሮ ይሄዳል። ዕፅዋት ግን የግድ ነው። እንደ ጨፋ ባለ ሣራም ሜዳ ላይ የሚያክለው የለም፤ በአምባው ራቁት አለት ላይ ስሎት ማባከን ነው። ስለዚህ ከሥር፣ ሣሩ ገና ሳያልቅ ተጠቀሙበት።

ፎግ ክላውድ የተባለውን የጭጋግ ድግምት በተመለከተ እናስጠንቅቃችሁ። የደሴን ጉም የለመደ ሰው ጭጋግ ይሸፍነኛል ብሎ ያስባል፤ በዚህ ደንብ ግን እናንተም ጠላትን ማየት ካልቻላችሁ ለቀስተኛው አድቫንቴጅ (ሁለት ዳይስ ጥሎ ትልቁን መውሰድ) ይሰጠዋል፤ እርሱም እናንተን ባለማየቱ የሚያገኘው ዲሳድቫንቴጅ ይጣፋል። በርቀት ምክንያት የነበረበት ቅጣትም አብሮ ይጠፋል። ጭጋጉ ውስጥ ሆናችሁ ካልተደበቃችሁ፣ ማለትም ቦታችሁን ካልሰወራችሁ፣ ከ150 እስከ 600 ጫማ ባለው ርቀት ከበፊቱ የበለጠ ትመታላችሁ።

ታዲያ ፋየርቦሉስ? ስንቁ ላይ ይጣል። ሰው ያልያዘውንና ያልለበሰውን ተቀጣጣይ ነገር ሁሉ ያነዳል፤ ድንኳን፣ የእህል ጆንያ፣ ድርቆሽ። በደንቡ አንድ ሰው በቀን አንድ ፓውንድ ምግብ ይፈልጋል፤ የ400 ሰው የ10 ቀን ስንቅ 4,000 ፓውንድ ነው፤ ይህን ያህል እህል ደግሞ አንድ ቦታ ነው የሚከመረው። ሌሊት ተጠግቶ አንዱን ስሎት እዚያ ላይ ማዋል ስድስት የተበተኑ ዘበኞችን ከመግደል እጅግ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የጨዋታ መሪ ነኝ። 200 ወታደር ሲያጠቃ ለእያንዳንዱ ዳይስ ስጥል ይመሻል። ምን ላድርግ? — ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አይጣሉ። ከተጫዋቹ አርመር ክላስ ላይ የወታደሩን የማጥቂያ ጭማሪ ይቀንሱ፤ የሚቀረው ለመምታት በባለ 20 ፊት ዳይስ የሚያስፈልገው ቁጥር ነው። ከ1 እስከ 5 ከሆነ እያንዳንዱ ወታደር ይመታል። ከ6 እስከ 12 ከ2ቱ አንዱ፣ 13 እና 14 ከ3ቱ አንዱ፣ 15 እና 16 ከ4ቱ አንዱ፣ 17 እና 18 ከ5ቱ አንዱ፣ 19 ከ10ሩ አንዱ፣ 20 ከ20ው አንዱ ይመታል። ጉዳቱን በአማካይ ይቁጠሩ። ለፋየርቦል ደግሞ ግማሹ ጉዳት ዘበኛውን የሚገድለው ከሆነ ሴቪንግ ትሮውን ጨርሶ ይተዉት።

ሞራልንም አይዘንጉ። መሪያቸው ሲወድቅ ቡድኑ በዲሲ 10 (ቢያንስ 10 ሊደርስ የሚገባው) የዊዝደም (የማስተዋል) ሴቪንግ ትሮው ይጣልለት፤ ካልተሳካለት ይሽሽ ወይም እጅ ይስጥ። ይህ አማራጭ ደንብ ነው፤ እኛ ግን በጦር ጨዋታ ላይ ግዴታ ቢሆን እንወዳለን። እስከ መጨረሻው ሰው የሚዋጋ 200 ወታደር ጨዋታውንም ያሰለቻል፣ እውነትም አይመስልም።

ጥያቄ፦ ክለሪኬ ክሪኤት ፉድ ኤንድ ዋተር (ምግብና ውሃ የሚፈጥር ድግምት) አላት። ከበባን ያስችላል? — ከወልዲያ

መልስ፦ ለጥቂት ሰው ያስችላል። አንዱ ድግምት 15 ሰው ለአንድ ቀን ያበላል፤ 5ኛ ደረጃ ላይ 2 ስሎት ስላላት 30 ሰው። ምግቡ በ24 ሰዓት ውስጥ ይበላሻል፤ ውሃው ግን አይበላሽም። ስለዚህ ሰላም ባለበት ቀን ውሃውን በእንስራ አጠራቅሙ፤ በአንድ ጊዜ 30 ጋሎን ይገኛል።