ሲሊኮን የማያቆመው የቴርሞስታት ቤት ፍሳሽ

የመኪና ገጽ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የድሮ ቶዮታ ሂሉክስ አለኝ፤ ሞተሯ 2ኤል ናፍጣ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ ዕቃ አመላልስባታለሁ። የላይኛው የራዲያተር ጎማ ሞተሩ ጋ የሚገጠምበት፣ ቴርሞስታቱን (ውሃው ሲሞቅ የሚከፈተውን ቫልቭ) የሚሸፍነው የአሉሚኒየም ክዳን ሥሩ ያንጠባጥባል። ሁለት ጋራዥ ሲሊኮን ቀብተው መልሰው አሰሩልኝ፤ ሳምንት አይቆይም። የሚጎድለው በቀን ግማሽ ሊትር ቢሆን ነው፤ የሐረጎን ዳገት ስወጣ ግን የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ይጠጋል። በዚህች ውሃ ይህን ያህል ይሞቃል? ራሴስ ልሠራው እችላለሁ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ይችላሉ፤ ግማሽ ቀን ይበቃዎታል። መጀመሪያ ግን የሙቀቱን ነገር እንጨርስ።

ሞተርዎን የሚያሞቀው ከጎደለው ግማሽ ሊትር ይልቅ አብሮት የሚያመልጠው ግፊት ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ ክፍት ድስት ውስጥ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች 94 ይደርሳል። የራዲያተር ክዳኑ 0.9 የሚል ከሆነና ግፊቱን በትክክል ከያዘ ግን ያው ውሃ ደሴ ላይ እንኳ እስከ 114 ዲግሪ ድረስ አይፈላም። የእርስዎ ቀዳዳ ግፊቱን እየለቀቀ መፍያውን ወደ 92 ያወርደዋል። ዕቃ ጭነው ሐረጎን ሲወጡ ሞተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ይህን በቀላሉ ያልፋል፤ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ውስጥ እንፋሎት ይጠራቀማል፣ መለኪያውም ይነሳል። ስለዚህ የቴርሞስታቱን ክዳን ሲሠሩ የራዲያተሩን ክዳን ጎማም ይዩት። ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ የቴርሞስታቱ ቤት ቢታሸግም ችግሩ ይቀጥላል።

ከመፍታትዎ በፊት የሚፈሰው በርግጥ ከክዳኑ ሥር መሆኑን ያረጋግጡ። ቦታውን በብሩሽና በሳሙና አጥበው ያድርቁ፣ ሥሩ ጋዜጣ ያንጥፉ፣ ሞተሩን አስነስተው በባትሪ መብራት ይመልከቱ። ጎማው የሚገባበት የክዳኑ አንገት ከተበላ ውሃው በፋሼታው (የጎማው ማሰሪያ) ሥር ሾልኮ ወደ ታች ይወርድና ከጓርኒሲዮኑ (ከክዳኑ ሥር ካለው ማሸጊያ) የወጣ ይመስላል። ከዚያም ወርዶ የውሃ ፓምፑ ላይ ስለሚንጠባጠብ ደህና ፓምፕ የተቀየረበት መኪና ጥቂት አይደለም። ጠዋት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ የሚያንጠባጥብ ከሆነ አሉሚኒየሙ ሲኮማተር ክፍተቱ እየሰፋ ነው ማለት ነው፤ ይህ የጎበጠ ክዳን የተለመደ ምልክት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድመው ይፈትሹ። የቀዘቀዘውን ሞተር አስነስተው አንድ ደቂቃ ሳይሞላ የላይኛው ጎማ ከደነደነ፣ ወይም የራዲያተሩ ክዳን ተከፍቶ ሳለ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ፣ የተቃጠለ ጋዝ በቴስታታው ጓርኒሲዮን በኩል ወደ ውሃው እየገባ ነው። ግፊቱ ደካማውን ቦታ ፈልጎ ይወጣል። የቴርሞስታቱን ክዳን ምንም ያህል ቢያሽጉት አይቆምም፤ ቴስታታው መውረድ አለበት።

ይህ ከሌለ ወደ ሥራው። የሚያስፈልግዎ 12 ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ምላጭ፣ 180 እና 320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ጠፍጣፋ የመስታወት ቁራጭ፣ የብረት ማስመሪያ፣ የቫልቭ ክፍተት መለኪያ (ስስ ላሜራዎች)፣ አዲስ ጓርኒሲዮንና አዲስ ፋሼታ ነው። ጎማው ያበጠ ወይም ጫፉ የተሰነጠቀ ከሆነ እሱንም ይጨምሩ።

ሞተሩ በእጅ እስኪነካ ድረስ ይቀዝቅዝ። የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ከታች ሦስት ሊትር ያህል ንጹሕ ባልዲ ውስጥ ያውርዱ፤ ውሃው ከቴርሞስታቱ በታች ከወረደ በቂ ነው፣ ሁሉንም መድፋት አያስፈልግም። ጎማውን ፋሼታውን ካላሉ በኋላ በማዞር ያላቅቁት። አልላቀቅ ካለ በካቻቢቴ አይፈንቅሉት፤ የአሮጌ ክዳን አንገት እንደ ብስኩት ይሰበራል። ጎማውን በርዝመቱ ሰንጥቀው መጣል ይሻላል፣ ጎማ ከክዳን ይረክሳል።

በአብዛኛው ክዳኑን የሚይዙት ሁለት ብሎኖች ናቸው፤ ዓመታት የተቀመጡበት የብረት ብሎን አሉሚኒየም ውስጥ ይነክሳል። ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ረጭተው ሩብ ሰዓት ይጠብቁ፣ ራሱን በትንሽ መዶሻ መታ መታ ያድርጉት፣ መጀመሪያ በጥቂቱ ወደ ማጥበቂያው ገፋ አድርገው ከዚያ ይፍቱት። እየጠበቀ ከመጣ መልሰው አስገብተው ዘይት ጨምረው ያውጡት። ከተበጠሰ አይደናገጡ፤ ክዳኑ ሲነሳ ብቅ ብሎ የሚቀረውን ክፋይ ማሞቅና በፒንሳ መያዝ ይቻላል። ከወለሉ ጋር እኩል ከተበጠሰ ግን በመሰርሰሪያ አይሞክሩት፣ ቶርኖ ቤት ያሳዩት። ቀዳዳው ከተበላሸ የሚበላሸው ቴስታታው ነው።

ክዳኑ ሲነሳ ቴርሞስታቱ በየት በኩል እንደተቀመጠ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ሞላው (የተጠቀለለው ሽቦ) ወደ ሞተሩ ይዞራል፤ የሚወዛወዝ ትንሽ ፒን ካለው ፒኑ ወደ ላይ ይሆናል፣ አየሩ የሚያልፍበት እሱ ነው። ከዚያ ቀዳዳውን በጨርቅ ይወትፉት፤ የሚፋቀው አሮጌ ሲሊኮን ውስጥ ከገባ የራዲያተሩ ቀጭን ቱቦዎች ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል።

ሁለቱ ጋራዦች ያለፉት አሁን የሚመጣውን ይመስለናል። የክዳኑን ፊት በምላጭ ንጹሕ ያድርጉና ማስመሪያውን በጠርዙ አቁመው ከኋላው ባትሪ ያብሩ። በሁለቱ ብሎኖች መካከል ብርሃን ከታየ ክዳኑ ጎብጧል። ብሎኖቹ ከልክ በላይ ሲጠብቁ ሁለቱ ጆሮዎች ወደ ታች ይታጠፋሉ፣ መሐሉ ይነሳል፤ ሲሊኮን ያንን ክፍተት ይሞላዋል እንጂ አይሸከመውም፣ ሙቀትና ግፊት ሲመላለስበት ይላቀቃል። የቫልቭ መለኪያው 0.1 ሚሊ ሜትር ላሜራ ከማስመሪያው ሥር ከገባ ፊቱ መስተካከል አለበት።

ማስተካከሉ ከባድ አይደለም። 180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀቱን መስታወቱ ላይ ዘርግተው ውሃ ያርከፍክፉበት፣ ክዳኑን በእኩል ጫና ስምንት ቁጥር እየሳሉ ይሹት። ፊቱ ዙሪያውን አንድ ዓይነት ቀለም እስኪይዝ ይቀጥሉ፣ በ320 ይጨርሱ። ከዚህ በላይ አይውሰዱ! የቴርሞስታቱ ጠርዝ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ክዳኑ ላይ ከሆነ፣ ፊቱ በተፋቀ ቁጥር ጎድጓዳው ያጥራል። የቴርሞስታቱ ጠርዝ ከፊቱ በላይ ብቅ ካለ ክዳኑ በእሱ ላይ ይቀመጣል፤ ብሎኑን ሲያጠብቁ ጆሮው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ካሹት በኋላ ቴርሞስታቱን ጎድጓዳው ውስጥ አስቀምጠው በጣት ይዳስሱ፤ ከፊቱ ጋር እኩል ወይም ጥቂት ዝቅ ማለት አለበት። ፊቱ በዝገት ጉድጓድ ጉድጓድ ካለና ጉድጓዱ ከቴርሞስታቱ ቀዳዳ እስከ ውጭ ከደረሰ ማሸቱን ይተዉት፣ ሌላ ክዳን ይግዙ። የቴስታታውን ፊት በምላጭ ብቻ ያጽዱ፤ በሞረድ አይንኩት።

ጓርኒሲዮኑ ካልተገኘ ከጓርኒሲዮን ወረቀት ራስዎ መቁረጥ ይችላሉ። የክዳኑን ፊት ግራሶ ቀብተው ወረቀቱ ላይ ያትሙ፣ በማተሚያው ልክ ይቁረጡ። ከዕቃ መያዣ ካርቶን የተቆረጠ ግን ውሃ ጠጥቶ በጥቂት ቀን ይበሰብሳል። ቴርሞስታትዎ በጠርዙ ዙሪያ የጎማ ቀለበት ያለው ዓይነት ከሆነ የሚያሽገው እሱ ነው፤ ቀለበቱን ብቻ ይቀይሩ።

ሲሊኮን ከተጠቀሙ ስስ ፊልም ይብቃዎ፣ ወደ ውስጥ የሚንጠለጠል ትርፍ አይኑር። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን ለመስኮትና ለመታጠቢያ ቤት የሚሆን ነው፤ አሉሚኒየም ይበላል፣ አይጠቀሙት። ለውሃ ፓምፕና ለሞተር ተብሎ የሚሸጠውን ይያዙ። ቀብተው በእጅ ብቻ ያጥብቁ፣ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፣ ከዚያ ያስጨርሱ፤ ውሃ መሙላቱን ማግስቱ ያድርጉት።

ብሎኖቹን በየተራ ትንሽ ትንሽ ያጥብቁ፣ አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው አይሂዱ። መጠኑ ከ15 እስከ 20 ኒውተን ሜትር ነው። መለኪያ ከሌለዎት አጭር 12 ቁልፍ በአንድ እጅ መዳፍ ይያዙና ብሎኑ በቀላሉ መዞሩን ካቆመ በኋላ ሩብ ዙር ይበቃል። የብሎኑ ጫፍ ውሃው ውስጥ የሚገባ ከሆነ ጥርሱ ላይ ጥቂት ሲሊኮን ይቀቡ፤ አለበለዚያ በጥርሱ በኩል ይሾልካል።

ሲሞሉ የመኪናዋን አፍንጫ ወደ ዳገት አድርገው ያቁሙ፤ ደሴ ዳገት አትቸገርም። የውስጥ ማሞቂያውን ከፍተው ቀስ ብለው ይሙሉ፣ የራዲያተሩ ክዳን እንደተከፈተ ሞተሩ ይሥራ። የላይኛው ጎማ በድንገት ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ተከፍቷል፤ ጎማውን ጨመቅ ጨመቅ ያድርጉ፣ የወረደውን ይሙሉ፣ ይዝጉ። ሐረጎን አንዴ ከወጡ በኋላ ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ደረጃውን ይዩ፣ ብሎኖቹንም በቀላሉ ይፈትሹ።

ጥያቄ፦ 88 የሚል ቴርሞስታት ድስት ውስጥ ቀቅዬ ፈተንኩ። ውሃው እየተንተከተከም የተከፈተው በጥቂቱ ነው። መካኒኩ «አውጥተህ ጣለው፣ ያለሱም ትነዳለህ» ይለኛል። (ከደሴ፣ ሙጋድ)

መልስ፦ አይጣል። 88 ማለት መከፈት የሚጀምርበት ነው፤ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 100 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደሴ ላይ ድስትዎ ከ92 አያልፍም፤ ስለዚህ በጥቂቱ መከፈቱ ጤንነት ነው። በክር አንጠልጥለው፣ ድስቱን ሳያስነኩ፣ ቴርሞሜትር አስገብተው ከ86 እስከ 90 መካከል መከፈት መጀመሩንና ሲቀዘቅዝ ጥብቅ ብሎ መዘጋቱን ያረጋግጡ። ሙሉ መከፈቱን ለማየት ከፈለጉ ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኩላንት በአሮጌ ቆርቆሮ፣ ከቤት ውጭ ያፍሉ፤ መፍያው ሰባትና ስምንት ዲግሪ ከፍ ይላል። ያ ቆርቆሮ ከዚያ በኋላ ለምግብ አይሆንም።

ያለ ቴርሞስታት መንዳት ሞተሩን ቀዝቃዛ ያደርገዋል፤ ደሴ ጠዋት ላይ ናፍጣው ሙሉ አይቃጠልም፣ ነጭ ጭስ ይበዛል፣ ነዳጅ ይበላል። በአንዳንድ ሞተሮች ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት አቋራጩን መንገድ ይዘጋል። ከወጣ አቋራጩ እንደተከፈተ ይቀርና የውሃው ክፋይ ራዲያተሩን ሳይነካ ይመላለሳል፤ ዳገት ላይ ይብሳል።

ጥያቄ፦ ኩላንት ውድ ነው። ሐይቅ ከተማ ብርድ እንጂ በረዶ የለም፤ የቧንቧ ውሃ ምን አለበት? (ከሐይቅ)

መልስ፦ ኩላንት ከበረዶ ባሻገር የዝገት መከላከያ ይዟል። ከላይ ያየነው ፊቱ በጉድጓድ የተበላ ክዳን ብዙ ጊዜ ያለ መከላከያ ለዓመታት በቧንቧ ውሃ የሠራ ሞተር ላይ የሚገኝ ነው፤ ኖራውም ራዲያተሩን ይደፍናል። ኩላንቱን ከተጣራ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ይቀላቅሉ። ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይሆናል፤ አሲድ የተቀላቀለበት እንዳይሆን ግን ጽሑፉን ያንብቡ። አቅም ካነሰ ንጹሕ የዝናብ ውሃ ከቧንቧው ይሻላል። ቀለሙ የተለያየ ኩላንት ሳያጥቡ አይጨምሩ። አረንጓዴውን በየሁለት ዓመቱ ይለውጡት። የወጣውን ኩላንት ክፍት ባልዲ ላይ አይተዉት፤ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻም በግም ይጠጣዋል፣ ይገድላል።