ከንፈሩ ይቀባ፣ መርገጫው ይድረቅ

የአንባቢዎች ጥያቄና የጡረተኛው የባቡር መካኒክ መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ ስለ ባቡር ጎማና ስለ ግራሶ። ኮምቦልቻ ቁጭ ብዬ ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ጎማ ሥር ተንበርክኬ ነው፤ ስለዚህ ሙያ የሚጠይቀኝ ሰው ግን ብዙም አላገኘሁም። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰፊ ስለሆነ እሱ ላይ እቆያለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ባለፈው አዲስ አበባ ሄጄ የከተማውን ባቡር ተሳፍሬ ነበር። መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ሲጢጢጥ የሚል ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው «ግራሶ ሲቀቡት ዝም ይላል» አለኝ። ብረት በብረት ላይ እየሄደ ግራሶ ከተቀባ አይንሸራተትም ወይ? ፍሬን እንዴት ይይዛል? በኛስ አገር ተራራ መሀል እንዴት ሊሆን ነው?

መልስ፦ አብሽር ልጄ። ሰውየው እውነቱን ነው፤ አንተም ስጋትህ ትክክል ነው። ሁለታችሁም ልክ የሆናችሁት የምታወሩት ስለተለያየ የጎማ ክፍል ስለሆነ ነው።

የባቡር ጎማ ብረት ነው፤ ግን ጎማ ልበለው፣ እንደዚያ ይቀለናል። ሁለት ቦታ አለው። አንደኛው ሐዲዱን ከላይ የሚረግጠው ሰፊው ፊት ነው። እሱን መርገጫ እንበለው። ሁለተኛው ከጎማው ውስጠኛ ጎን ዙሪያውን ወጣ ያለው ጠርዝ ነው። መሐንዲሶች ፍላንጅ ይሉታል፤ እኔ ለዚህ መልስ ከንፈር እለዋለሁ። አዲስ ሲሆን ቁመቱም ውፍረቱም ሦስት ሣንቲሜትር አካባቢ ነው። ባቡሩ ከሐዲድ እንዳይወጣ የሚይዘው ይሄ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ቶን ሦስት ሣንቲሜትር ብረት ይጠብቀዋል ስልህ ቀልድ እንዳይመስልህ።

ቀጥ ባለ መንገድ ከንፈሩ ሐዲዱን ብዙም አይነካም። መርገጫው ለጥ ያለ አይደለማ። ከከንፈሩ ወደ ውጭ በሄድክ ቁጥር በትንሹ እየጠበበ ይሄዳል፤ በየ20 ሚሊሜትሩ 1 ሚሊሜትር፣ ወይም ከዚያ ባነሰ። አፉ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ የሆነ የሻይ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ አጋድመህ ግፋው። ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ይዞራል። የባቡር ጎማም ሰፋ ባለ መታጠፊያ ላይ በዚሁ ዘዴ ራሱን ያዞራል።

መታጠፊያው ጠበብ ሲል ግን ዘዴው አይበቃም። ባጃጅ ዲፈረንሻል አለው፤ ሲታጠፍ የውጩ ጎማ ፈጥኖ፣ የውስጡ ዘግይቶ ይዞራል። የባቡር ሁለት ጎማዎች ግን በአንድ አክሰል ላይ ተጨንቀው የገቡ ናቸው፤ እኩል ነው የሚዞሩት። በዚያ ላይ ሁለት ሦስት አክሰል በአንድ ፍሬም ታስሮ ስለሚሄድ የፊተኛው አክሰል እንደ ልቡ አይታጠፍም። ስለዚህ የውጩ ጎማ ከንፈር የውጩን ሐዲድ ጎን እየተጫነ፣ እየፋቀ ያልፋል። ያኔ ነው ሁለቱም የሚበሉት።

ይህን በዓይኔ ስላየሁት በደንብ ልንገርህ። ቅባት የተረሳ መታጠፊያ አጠገብ ቁጭ በል። ከሐዲዱ ሥር፣ ጠጠሩ ላይ፣ የሚያብለጨልጭ ዱቄት ታያለህ። በመዳፍህ ዘግነህ ፀሐይ ላይ አድርገው፤ ስስ የብረት ቅርፊት ነው። ማግኔት ብታስጠጋለት ተንጠልጥሎ ይቀራል። ያ ዱቄት ትናንት ጎማና ሐዲድ ነበር። የሐዲዱን ጎን በጣትህ ብትዳብሰው እንደ ሞረድ ይሻክርሃል። በአግባቡ የተቀባ መታጠፊያ ደግሞ ጎኑ ጥቁርና ለስላሳ ነው፤ አናቱ ግን እንደ መስታወት ያበራል። የሐዲድ ጠጋኝ ይህን አይቶ ነው ሥራው መሠራቱን የሚያውቀው።

ወደ ፍርሃትህ ልምጣ። ባቡር የሚጎተተውም የሚቆመውም በመርገጫው ነው። ጎማና ሐዲድ የሚነካኩባት ቦታ የአውራ ጣት ጥፍር ታህላለች። እዚያች ላይ ግራሶ ከገባ አለቀ፤ ሽቅብ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፣ ቁልቁል ፍሬን ሲያዝ ሳይዞር ይንሸራተታል። ሳይዞር የተንሸራተተ ጎማ አንድ ጎኑ ይላጭና ጠፍጣፋ ይሆናል። ከዚያ በኋላ በሄደ ቁጥር ቋ ቋ ቋ እያለ ሐዲዱን ይቀጠቅጣል።

በቁጥር ላስቀምጥልህ። ሰበቃ ማለት ሁለት ነገር ሲነካካ አንዱ ሌላውን የሚይዝበት ኃይል ነው፤ መጠኑ የሚነገረው ከተጫነው ክብደት ጋር ተነጻጽሮ ነው። ደረቅ ብረት በደረቅ ብረት ላይ የሰበቃ መጠኑ 0.5 አካባቢ፣ ማለትም የክብደቱን ግማሽ ያህል፣ ሊደርስ ይችላል። በከንፈሩ በኩል ይህን ወደ 0.1 ማውረድ እንፈልጋለን። በመርገጫው በኩል ግን ከ0.3 ብዙ እንዲወርድብን አንፈልግም። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ጥቂት ሣንቲሜትር ነው። የዚህ ሙያ ችግሩም ውበቱም እዚህ ላይ ነው፤ አንዱን ቀብተህ ጎረቤቱን ማድረቅ።

እኔ ይህን የተማርኩት ባጠፋሁት ጥፋት ነው። ወጣት ሳለሁ፣ ሐዲድ ጥገና ላይ፣ አለቃችን ግራሶ በቆርቆሮ ሰጥቶኝ «ጎኑን ብቻ፣ ስስ አድርገህ» ብሎኝ ሄደ። እኔ ደግሞ ሥራ የወደድኩ መስሎኝ ወፍራም አድርጌ ለጠፍኩት። ቆላ ነው፤ በቀትር ፀሐይ ሐዲዱ እንደ ምጣድ ጋለ። ግራሶው ለዘብ አለ፣ ያለፈው ባቡር ደግሞ ወደ አናቱ ዳጠው። ከሰዓት በኋላ አንድ የጭነት ባቡር ዳገቱን ሲጀምር ጎማው መሽከርከር ያዘ። ሾፌሩ ከአሸዋ ሳጥኑ አሸዋ ለቀቀ፤ አልሆነም። ፉርጎዎቹን ይዞ ወደ ኋላ ተመለሰ። እስኪመሽ ድረስ ሐዲዱን በጨርቅና በአመድ ስንጠርግ አመሸን። አለቃዬ አልጮኸብኝም። የቀረውን ግራሶ ከእጄ ወስዶ በትንሽ እንጨት ጫፍ አንዴ ሳብ አድርጎ አሳየኝ። ይህን ያህል፣ ማለቱ ነው። እስከ ዛሬ እጁ ይታየኛል።

ዛሬ ዛሬ ይህን ሥራ ሎኮሞቲቩ ራሱ ይሠራዋል። ከሥሩ ትንሽ የግራሶ ታንክ አለ። ከታንኩ ቀጭን ቱቦ ወጥቶ በፊተኛው አክሰል ጎማዎች ፊት ለፊት አፍንጫ የምትመስል መርጫ ላይ ያልቃል። በተጨመቀ አየር ከጣት ጫፍ ያነሰ ግራሶ ከንፈሩ ሥር ላይ እፍ ይላል። አንዳንዱ በርቀት ነው የሚሠራው፤ ይህን ያህል ሜትር ከሄደ አንድ ጊዜ ይረጫል። የተሻለው መታጠፊያ የሚያውቅ መሣሪያ አለው፤ ሲታጠፍ ብቻ ይረጫል። ፍሬን ሲያዝ ወይም አሸዋ ሲለቀቅ እንዲያቆም ተደርጎ ይሠራል። አሸዋና ግራሶ ከተቀላቀሉማ ቅባት መሆኑ ቀርቶ እንደ ሞረድ ብረት የሚበላ ነገር ይሆናል።

ሌላው ዘዴ መሬት ላይ የሚተከለው ነው። መታጠፊያው ከመጀመሩ በፊት ሐዲዱ ጎን የግራሶ ሳጥን ይቀመጣል። የሚያልፈው ጎማ አንዲት ቁልፍ ይጫናል፤ ግራሶው በሐዲዱ ጎን በተገጠመ ቀዳዳ ባለው ብረት በኩል ብቅ ይላል፤ ከንፈሩ ጠርጎት ወደ መታጠፊያው ይዞት ይገባል። ጥሩ ዘዴ ነው። ሳጥኑን ረስተው ባዶ ካደረጉት ግን የለም ማለት ነው።

ስለ ጩኸቱ አንድ ነገር ልጨምር። ሁሉም ሲጢጢጥ ከከንፈር አይመጣም። ጠባብ መታጠፊያ ላይ የውስጠኛው ጎማ በሐዲዱ አናት ላይ በጎኑ እየያዘ እየለቀቀ ሲሄድ እንደ ማሲንቆ ክር ይጮኻል። ለዚያኛው የከንፈር ግራሶ ብቻውን አይበቃውም። ለሐዲድ አናት ተብሎ የሚሠራ፣ ሰበቃውን ሳያጠፋ የሚያስተካክል ሌላ ዓይነት ቅብ አለ። ስለዚህ «ግራሶ ሲቀቡት ዝም ይላል» ያለህ ወዳጃችን ግማሹን ነው የነገረህ።

የኛን መስመር ጠይቀሃል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው ሐዲድ ወደ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1435 ሚሊሜትር ነው፤ የጥንቱ የጅቡቲ መስመር አንድ ሜትር ብቻ ነበር። ከአዋሽ 1000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ተነስቶ ኮምቦልቻ ሲደርስ 1850 ሜትር አካባቢ ነው። እንዲህ ያለ ዳገት ያለ መታጠፊያ አይወጣም። በሐረጎ በኩል ደሴ የወጣ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ መንገዱ የሚጠማዘዘው ተራራውን ቀስ ብሎ ለመውጣት ነው። እንደኛ ባለ አገር የከንፈር ቅባት የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

ጥያቄ፦ ደሴ ጋራዥ አለኝ። በየወሩ በበርሜል የተቃጠለ ዘይት እናወጣለን። ይህን ለባቡር ጎማ መቀባት አይቻልም? ከሚደፋ ይሻላል ብዬ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሐሳብህ የቆጣቢ ሰው ነው፤ ግን አይሆንም። ይህ ሥራ ዘይት ሳይሆን ግራሶ የሚፈልገው ተጣብቆ መቆየት ስላለበት ነው። ጎማው በፍጥነት ሲዞር ቀጭን ዘይት ይረጫል፣ ይወርዳል፣ መጨረሻው መርገጫው ላይ ነው። የተቃጠለው ደግሞ ከሞተር የወጣ የብረት ብናኝ ይዟል። ሌላም አለ። ሐዲድ ላይ ዓይን የማያያቸው ፀጉር የሚያካክሉ ስንጥቆች አሉ። ቀጭን ፈሳሽ እዚያ ይገባና ጎማው ሲጫነው መውጫ አጥቶ ስንጥቁን ከውስጥ ይፈለቅቀዋል።

ለከንፈር የሚሠራ ግራሶ ብዙ ጊዜ ግራፋይት አለበት፤ በእርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ማለት ነው። ግራሶው ቢጨመቅ እንኳ ግራፋይቱ ብረቱ ላይ ይቀራል። ጭራሽ ግራሶ የሌለውም አለ፤ ደረቅ ዱላ ነው፣ በስፕሪንግ እየተገፋ ከንፈሩን እየነካ ቀስ በቀስ ያልቃል። አቧራ ለበዛበት ቆላ እሱን እወደዋለሁ፤ አቧራ አይጣበቅበትም።

ደግሞ አስብ፤ ከንፈር ላይ የሚረጭ ግራሶ ተመልሶ አይሰበሰብም። ሁሉም መሬት ላይ ነው የሚቀረው፤ ዝናብ ሲመጣ ወደ ቦርከና ይወርዳል። በዚህ ምክንያት አፈር ውስጥ የሚበሰብስ ዓይነት ግራሶ እየተሠራ ነው። የአንተን በርሜል ለሚሰበስቡት ስጥ እንጂ ሐዲድ ላይም ቦይ ውስጥም አታፍስሰው፤ አደራ።

ጥያቄ፦ መርሳ ነው የምኖረው። ልጆቼ ባቡር ከሐዲድ ይወጣል እያሉ ይፈራሉ። ቅባት መቀባቱ ይህን አያባብሰውም?

መልስ፦ እታለም፣ እንዲያውም ይቀንሰዋል። ምጣድ በጎመን ዘር የምታስሺው እንጀራው ይዞ እንዳይቀር አይደል? ከንፈሩም እንደዚያ ነው። ደረቅ ከሆነ መታጠፊያ ላይ ሐዲዱን ይይዘዋል፤ የያዘውን እየረገጠ ሊወጣ ይሞክራል። የተቀባ ከሆነ ልውጣ ቢልም ተንሸራቶ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ናዳል የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ ከ100 ዓመት በፊት ያወጣው ስሌት አለ፤ ዛሬም ይሠራበታል። የከንፈሩ ቁልቁለት 70 ዲግሪ ነው እንበል። ሰበቃው 0.5 ከሆነ፣ ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል ጎማው ላይ ካለው ክብደት ጋር እኩል ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ጀምሮ አደጋው ይመጣል። ሰበቃው 0.1 ከሆነ ግን ግፊቱ የክብደቱን ሁለት እጥፍ ማለፍ አለበት። ልጆቹን እንዲህ በያቸው፤ የሚያስፈራው የተቀባ ከንፈር ሳይሆን የተበላ ከንፈር ነው። እሱም ዝም ብሎ አይተውም፤ በየጊዜው ይለካል። በብዙ አገር ውፍረቱ 22 ሚሊሜትር አካባቢ ሲደርስ ጎማው ከሥራ ወጥቶ ቶርኖ ላይ ይወጣል። ያ ደግሞ ውድ ነው፤ የሳሳ ከንፈርን ለማወፈር ከመርገጫው ዙሪያ ብዙ ጤነኛ ብረት ይላጫል። ጎማው በጊዜው ያልተቀባ እንደሆነ ዕድሜው የሚያጥረው እንዲህ ነው።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ መካኒካል የምማር ተማሪ ነኝ። ለምን የፊተኛው አክሰል ብቻ ይቀባል? የቀሩትስ? መርጫው መሥራቱስ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ የፊተኛው ከንፈር ግራሶውን ለሐዲዱ ጎን ይሰጠዋል፤ ሐዲዱ ደግሞ ከኋላ ለሚመጡት ሁሉ ያካፍላል። ፉርጎዎቹ አንድም መርጫ ሳይኖራቸው ይቀባሉ።

መሥራቱን ለማወቅ መጀመሪያ ባቡሩ መቆሙን፣ ማንም እንደማያንቀሳቅሰው አረጋግጥ። ከዚያ የካርቶን ቁራጭ መርጫውና ከንፈሩ መሀል አስገባና ጓደኛህ የመሞከሪያውን ቁልፍ ይጫን። ካርቶኑ ላይ ትንሽ፣ ክብ፣ ጥቁር ነጥብ ካየህ ደህና ነው። ነጥቡ ወደ አንድ ጎን የተንጠባጠበ ከሆነ የመርጫው አፍ አቧራ ይዞታል፤ ፍታውና በጋዝ እጠበው። ምንም ከሌለ ታንኩን እየው። ነጥቡ ጥሩ ሆኖ ቦታው ከከንፈሩ ወደ መርገጫው ያለፈ ከሆነ ግን መርጫው ተነቅንቋል፤ ሳታስተካክለው ያን ሎኮሞቲቭ አትልቀቀው።