«ቆዩ፣ መልሱ እየመጣ ነው»

ታላቅ ወንድሜ ሀንቲንግተን የሚባል በዘር የሚወረስ የአንጎል ሕመም አለበት። ጅማ አብረን ነው የምንኖረው። ሐኪም አይደለሁም፣ አስታማሚ ነኝ። ስለ ንግግሩ ለጠየቃችሁኝ እነሆ።

ጥያቄ፦ ሲያወራ የሰከረ ይመስላል። ምላሱን ነው የያዘው?

መልስ፦ ምላሱስ ደህና ነው። የተጎዳው አዛዡ አንጎል ነው። ትንፋሽ፣ ከንፈርና ምላስ እኩል አይሄዱለትም። ድምፁ አንዴ ይጮሃል፣ አንዴ ይጠፋል። የሚጠብቀውና የሚላላውም ይምታታበታል። በነሐሴ ዝናብ «ገና ነው» ሲለን በዓሉን መስሎን ስቀናል፤ እሱም ሳቀ። ከሂርማታ ሲመለስ ግን አንድ ባለባጃጅ «ሰካራም አልጭንም» ብሎት በእግሩ መጣ። ያን ቀን የሳቀ የለም።

ጥያቄ፦ ስንጠይቀው ዝም ይላል። አይገባውም?

መልስ፦ በሽታው ሐሳብንም እያዘገየ ይሄዳል። ቢሆንም ብዙ ጊዜ ይገባዋል፤ የሚከብደው መጀመሩ ነው። አንድ ቀን «ቡና ወይስ ሻይ?» አልኩት። ዝም። ከሰሉን አራግቤ፣ ስኒ አጥቤ፣ ቡናውን ልቆላ ስል «ሻይ» አለ። ጅማ ተቀምጦ ሻይ! አሁን አንድ አጭር ነገር ጠይቄ፣ ሬዲዮ ዘግቼ እጠብቃለሁ። ጥያቄውን አትደጋግሙበት፣ ከጀመረው ያስወጣዋል።

ጥያቄ፦ እርግማን ነው ይባላል።

መልስ፦ እርግማን አይደለም፤ ከወላጅ የሚወረስ የተበላሸ ዘረመል (ጂን) ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ተለይቷል። አባት ወይም እናት ካለባቸው እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 50 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። ጠበሉንም ውሰዱት፣ ሐኪምም ያሳዩት። እኔ ተመርምሬ እንደሆነ የጠየቃችሁ፣ እሱን እለፉት።

ጥያቄ፦ መድኃኒትስ?

መልስ፦ የሚያድን የለም። ሰውነቱ ሳያዝዘው መወራጨቱን የሚያስታግስ ግን አለ።

ጥያቄ፦ ሲጠጣ ትን ይለዋል።

መልስ፦ ይሄን አትናቁ! የሚናገርበትም የሚውጥበትም ጡንቻ ያው ነው። ውሃና ሻይ ሳይታሰብ ወደ ሳንባ ይወርዳል፣ የሳንባ ምች ያመጣል። ለሐኪም ንገሩ። የኛው ሰው ወፈር ያለ አጥሚት ይሻለዋል። ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ በትንሽ በትንሹ ይጠጣል። እየዋጠ ማንም አያናግረውም፣ እንግዳም ቢሆን።

ጥያቄ፦ ጨርሶ መናገር ቢያቅተውስ?

መልስ፦ እስከዚያ አትጠብቁ። እኛ ገና እያወራ ካርቶን ቆርጠን «ውሃ»፣ «አመመኝ»፣ «ሽንት ቤት»፣ «ተዉኝ» ብለን ጻፍን። ጣቱ ስለሚንቀጠቀጥ ፊደሉን አተለቅነው። እስካሁን ጠርዙ ያለቀው «ተዉኝ» የሚለው ነው።