ሶሪያሲስ ተቆርጦ ይወጣል ወይ?

ወንድሜ፣ ክርንህ ላይ ያለውን ሶሪያሲስ፣ ያን ቆዳ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚያወጣ በሽታ፣ በቀዶ ሕክምና አስቆርጬ ልገላገል ወይ ብለሃል። አይሆንም። ችግሩ ቆዳው ላይ ብቻ አይደለም። የሰውነት መከላከያው ተዛብቶ ቆዳውን ያጣድፈዋል። ጤናማ ቆዳ ለመታደስ አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ ይሄኛው በጥቂት ቀናት። ብትቆርጠውም ምንጩ አይነካም።

ይባስ ብሎ ቁስሉ ራሱ አዲስ ሶሪያሲስ ሊጠራ ይችላል። ኮብነር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ይህን የገለጸው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ጭረትም፣ ቃጠሎም፣ ንቅሳትም ያው ናቸው። እኔ አዘዞ እያለሁ የሰው ምክር ሰምቼ ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ ጉልበቴ ላይ አሰርኩ። አቃጠለኝ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ በተቃጠለበት ልክ ያ ነጭ ቅርፊት ወጣ። ሞኝነቴ!

ለሌላ ሕመም ቀዶ ሕክምና ካስፈለገህ ግን አትቅር፤ ሶሪያሲስ እንዳለብህ ቀድመህ ንገራቸው።

ለሶሪያሲሱ የሚቀባ ስቴሮይድ (የቆዳን መቆጣት የሚያበርድ መድኃኒት) አለ። ሰፋ ካለ ሜቶትሬክሴት (የሰውነት መከላከያውን የሚያረጋጋ መድኃኒት) ወይም የአልትራቫዮሌት ብርሃን ሕክምና ይታዘዛል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቆዳ ክፍል ብትታይ ይሻላል። ስቴሮይዱን በራስህ ገዝተህ ለወራት እንዳትቀባ ብቻ፤ ቆዳ ያሳሳል፣ በድንገት ስታቆመውም ብሶ ሊመለስ ይችላል።