በበሩ ወጥቶ መመለስ

ልጆቼ፣ ስንገናኝ አብዛኛውን ጊዜ የምትጠይቁኝ ሥራ እንዴት እንደሚጀመር ነው። ዛሬ ስለ መተው ላጫውታችሁ። ታሪኩ የኮምፒውተር ቺፕ የሚሠራው የአሜሪካ ኩባንያ የኢንቴል ነው፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሮበርት ኖይስና ጎርደን ሙር በ1968 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኢንቴልን ሲመሠርቱ ለመተው አዲስ አልነበሩም። በ1957 ከስድስት ባልደረቦቻቸው ጋር የዊሊያም ሾክሌይን ላቦራቶሪ ጥለው ወጥተው ነበር። ሾክሌይ የኖቤል ተሸላሚ ነው፤ ሰው መያዝ ግን አልቻለበትም። ስምንቱ ፌርቻይልድ ሴሚኮንዳክተር የተባለ የቺፕ ኩባንያ አቋቋሙ። ሁለቱ ቆይተው ከዚያም ወጡ። አርተር ሮክ የተባለ ባለሙያ 2.5 ሚሊዮን ዶላር አሰባሰበላቸው።

ኖይስ ሰው የሚወደው፣ ሙር ዝምተኛ አሳቢ። ሥራውን ጠበቅ አድርጎ የሚመራው አንዲ ግሮቭ ሆነ። ግሮቭ የቡዳፔስት ልጅ ነው፤ አይሁዳዊ። በልጅነቱ ከናዚዎች ተርፏል። ከ1956ቱ የሃንጋሪ አመፅ በኋላ በ20 ዓመቱ ድንበር አቋርጦ አሜሪካ ገባ፤ በ1963 በርክሌይ ዶክትሬቱን ያዘ። በሱዳን በኩል በእግራቸው የወጡ የእኔ ዘመን ሰዎች እንዲህ ያለውን ሰው ሳይነገራቸው ያውቁታል። እኛ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምንለውን እሱ ኖሮበታል።

የኢንቴል እንጀራ ሚሞሪ ቺፕ፣ ማለት ኮምፒውተር መረጃ የሚይዝበት ቺፕ ነበር። በ80ዎቹ መጀመሪያ የጃፓን ኩባንያዎች በጥራትም በዋጋም ቀደሟቸው። ኢንቴል ግን ሚሞሪን መተው አልሆነለትም፤ መታወቂያው ነበራ! የሚገርመው፣ ማምለጫው ከቤት ውስጥ ነበር። በ1971 ለአንድ የጃፓን ካልኩሌተር ሠሪ ብለው የመጀመሪያውን ማይክሮፕሮሰሰራቸውን፣ ማለት የኮምፒውተር አንጎል የሆነውን ቺፕ፣ 4004ን አውጥተዋል። በ1981 አይ ቢ ኤም የተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ የግል ኮምፒውተሩን በኢንቴል 8088 ማይክሮፕሮሰሰር ሠራ። ያም ሆኖ ልባቸው ሚሞሪው ላይ ነበር።

በ1985 አንድ ቀን ግሮቭና ሙር ቢሮ ውስጥ ተክዘው ተቀምጠዋል። ግሮቭ፣ እኛን አባርረው አዲስ ኃላፊ ቢያመጡ ምን ያደርግ ይሆን ብሎ ጠየቀ። ሙር ሳያመነታ፣ ከሚሞሪ ያስወጣን ነበር አለ። ታዲያ እኔና አንተ በበሩ ወጥተን፣ ተመልሰን ገብተን ለምን ራሳችን አናደርገውም አለው ግሮቭ።

አደረጉት፤ ሚሞሪውን ትተው ወደ ማይክሮፕሮሰሰር ዞሩ። ቀላል አልነበረም። ፋብሪካ ተዘጋ፤ ብዙ ሠራተኛ እንጀራውን አጣ። በ1986 ኩባንያው 173 ሚሊዮን ዶላር ከሰረ። በ1987 ግሮቭ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነ፤ እስከ 1998 መራ። በእነዚያ ዓመታት አብዛኛው የዓለም የግል ኮምፒውተር በኢንቴል ቺፕ ሠራ።

ይሄን ታሪክ ቀደም ብዬ ብሰማው ኖሮ እላለሁ። የጽሕፈት መኪና ጥገና ቤት ነበረኝ። እጄ የተመሰከረለት ነው። ጥግ ላይ አንድ ኮምፒውተር ነበረን፤ ደረሰኝና ደብዳቤ ብቻ እናወጣባታለን። ረዳቴ ማታ ማታ እየፈታ ይገጥማታል። «ጋሼ፣ ወደዚህ ብንዞር ምን ይመስልዎታል?» ሲለኝ ተቆጣሁት። ደንበኛ እየሳሳ ሄደ፤ እኔ ግን መኪናዎቼን እየወለወልኩ ስድስት ዓመት ቆየሁ። ልጁ ወጥቶ የራሱን ኮምፒውተር ጥገና ከፈተ። በመጨረሻ የተማርኩት ከእሱ ነው።

ኢንቴልም ቢሆን ያን ቀን አንዴ አድርጎት አልዳነም። በኋላ ፖል ኦተሊኒ ሲመራው ለአይፎን ቺፕ የመሥራት ዕድል መጥቶለት፣ ሂሳቡ አያዋጣም ብሎ አለፈው። ሥልጣን ሲለቅ መቆጨቱን ተናግሯል።

ስለዚህ አንድ ነገር አድርጉልኝ። በዓመት አንድ ቀን፣ መስከረም ላይ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ከሥራ ባልደረባችሁ ጋር ቡና ይዛችሁ ተቀመጡና የግሮቭን ጥያቄ ጠይቁ። ሊያስደስታችሁ የሚፈልገውን ሰው አትምረጡ። እንደ ሙር ቶሎ የሚመልሰውን ምረጡ። ሲመልስላችሁም እኔ በረዳቴ ላይ እንደተቆጣሁት አትቆጡ።