«ኮንቴይነሩን አድሱት» ሲባል ምን ይደረጋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የሥራ ክፍላችንን የሶፍትዌር ማሻሻያ መመሪያ በአማርኛ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «አዲስ ቨርዥን ሲወጣ ኮንቴይነሩን አድሱት» ይላል፤ ኮንቴይነር የምንለው ዶከር በሚባለው ሶፍትዌር ውስጥ ፕሮግራማችን ለብቻው ተለይቶ የሚሠራበትን ክፍል ነው። የማታ ተረኛው ሪስታርት አድርጎት አደረ፤ ጠዋት ስንገባ ያው አሮጌው ቨርዥን ነው። እሱ «አድሻለሁ» ይላል፣ እኔ አላደስክም እላለሁ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ተረኛው ላይ አይፍረዱበት። «አደሰ» ከግእዙ «ሐደሰ» የመጣ፣ የ«አዲስ» ዘመድ ነው። ቤት ታደሰ ሲባል ቀለሙ ወይም ጣሪያው ይለወጣል እንጂ ቤቱ ያው ቤት ነው። ተረኛውም የሰማው ይህንኑ ነው፤ ያለውን ነካ ነካ አድርጎ ማስተካከል። ዶከር ላይ ግን እንዲህ ያለ እድሳት የለም። ኮንቴይነር መቶ ጊዜ ሪስታርት ቢደረግ የተፈጠረበትን ኢሜጅ (ፕሮግራሙ የታሸገበትን ቅጂ) ይዞ ነው የሚመለሰው። አዲሱ ቨርዥን የሚገባው አዲሱ ኢሜጅ ወርዶ፣ አሮጌው ኮንቴይነር ተወግዶ፣ በምትኩ ሌላ ሲፈጠር ነው። ይህን የሚገልጸው ግስ «ተካ» ነው።

«ፓስፖርት አሳደስኩ የሚል ሰውስ አዲስ ደብተር አይደል የሚሰጠው?» ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ስለዚህ ለደንበኛ «አገልግሎቱ ታድሷል» ብለው ቢጽፉ አልቃወምም። ለተረኛ ግን «ተኩት» ይበሉት። «ተኩት» የተባለ ሰው «አሮጌው ውስጥ የነበረውስ የት ይሄዳል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ መጠየቅም አለበት፤ ቮልዩም (ከኮንቴይነሩ ውጭ ያለ የዳታ ማስቀመጫ) ላይ ያልተቀመጠ ዳታ ከኮንቴይነሩ ጋር አብሮ ይጠፋልና።

ስለ ግስ ካነሳን፣ እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ «ተነሳ» ነው። «ኮንቴይነሩ ተነሳ» ሲባል ሥራ ጀመረ ነው ወይስ ከቦታው ተወገደ? አማርኛው ሁለቱንም ይፈቅዳል። በትእዛዝ ሲሆን ደግሞ «አንሱት» እና «አስነሱት» የሚለያዩት ከሞላ ጎደል በአንዲት «ስ» ነው፤ በሌሊት ስልክ ይህቺ «ስ» ብትዋጥ ምን እንደሚከተል ያስቡት። «ቆሟል»ም አያስተማምንም፤ ምሰሶ ሲቆም ጸንቷል፣ መኪና ሲቆም መሄዱን ትቷል። «አጥፉት»ማ ጭራሽ አይሞከርም፤ መብራትም ይጠፋል፣ ፋይልም ይጠፋል።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «አዲሱን ኢሜጅ አውርዱ። ዳታው ቮልዩም ላይ መሆኑን አረጋግጡ። አሮጌውን ኮንቴይነር አስቁማችሁ አስወግዱ፤ በአዲሱ ተኩት። የሚሠራውን ቨርዥን ቁጥር አይታችሁ መዝገብ ላይ ጻፉ።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳይተዋት። ያን ዕለት ማታ ብትኖር ኖሮ ተረኛው ራሱ፣ ገና ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ቁጥሩ እንዳልተለወጠ ያይ ነበር።