የገና ጨዋታ ልምድ ለሆኪ ተጫዋችነት ያበቃል?

ጥያቄ፦ በመንዝ፣ መሐል ሜዳ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲገባደድ፣ አጨዳው አልቆ ሜዳው ሲለቀቅ፣ የአካባቢያችን ወጣቶች ገና ይጫወታሉ። ከተማሪዎቼ አንዱ የ15 ዓመት ልጅ ሩሯን ከሰው መሐል እየነዳ ሲያወጣ ያየው ሁሉ ይደነቃል። ይህ ልጅ በስልክ የሆኪ ግጥሚያ ተመልክቶ «ሙያዬ ላደርገው እችላለሁ?» ሲል ጠየቀኝ፤ ወላጆቹ ግን ትምህርቱን እንዳይተው ሠግተዋል። የዓለም አቀፍ ሆኪ ተጫዋች ሕይወት ምን እንደሚመስልና መተዳደሪያ ይሆን እንደሆነ ብታብራሩልኝ እወዳለሁ።

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፤ የወላጆቹ ሥጋት ተገቢ ስለሆነ ከእሱ እንነሣ። ሆኪ በብዙ አገሮች የሚዘወተር ቢሆንም እንደ እግር ኳስ ብዙ ገንዘብ የሚገኝበት ስፖርት አይደለም። በኔዘርላንድስ፣ በቤልጅየምና በጀርመን ያሉ ታላላቅ ክለቦች ለምርጥ ተጫዋቾቻቸው ይከፍላሉ፤ ያም ሆኖ ለብሔራዊ ቡድን ከሚሰለፉት ብዙዎቹ ጎን ለጎን ዩኒቨርሲቲ ይማራሉ ወይም ሌላ ሥራ ይሠራሉ። በህንድ ደግሞ የምድር ባቡር መሥሪያ ቤቱ፣ ፖሊስና ጦር ሠራዊቱ ተጫዋቾችን በሠራተኝነት ቀጥረው የየራሳቸውን ቡድን ያሰልፋሉ፤ በአገራችን የመከላከያው መቻል ክለብ ስፖርተኞችን እንዴት እንደሚያቅፍ ለሚያውቅ ሰው ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንበትም። በሆኪ ታሪክ ስሙ ከሁሉ በላይ የሚነሣው ህንዳዊው ድያን ቻንድ ራሱ ወታደር ነበር። ገና በወጣትነቱ በተራ ወታደርነት ተቀጥሮ ጨዋታውን በደንብ የተማረው በሠራዊቱ ውስጥ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1928 በአምስተርዳም፣ በ1932 በሎስ አንጀለስና በ1936 በበርሊን የኦሎምፒክ ወርቅ ካገኘ በኋላም በውትድርናው ቀጥሎ በሻለቃነት ማዕረግ ጡረታ ወጥቷል። ስለዚህ ልጁ ትምህርቱን መተው የለበትም፤ በዚህ ስፖርት ትምህርትና ጨዋታ አብረው የሚሄዱ ናቸው።

የሙያው ዕድሜ ረጅም ሊሆን ይችላል። የአርጀንቲናዋ ሉሲያና አይማር ለብሔራዊ ቡድኗ እስከ 37 ዓመቷ ተጫውታ እ.ኤ.አ. በ2014 ስታቆም፣ ሁለት የዓለም ዋንጫና አራት የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ይዛ፣ ስምንት ጊዜ የዓለም ምርጥ ተጫዋች ተብላ ነበር። ከአራቱ ሜዳሊያዎች ግን አንዱም ወርቅ አይደለም። አንድ ተጫዋች የቱንም ያህል ቢልቅ 11 ሆነው ለ60 ደቂቃ የሚጫወቱትን ጨዋታ ብቻውን አይወስነውም፤ በዚያ ላይ ለኦሎምፒክ በዋናው ስም ዝርዝር የሚያዙት 16 ተጫዋቾች ብቻ ስለሆኑ፣ ዓመታት የለፋ ሰው በመጨረሻው ምርጫ ላይ ሊቀር ይችላል።

አሁን ወደ ልጁ ችሎታ እንምጣ። ከገና የሚወርሰው ነገር አለ፤ በግርግር መሐል ኳስን አለመልቀቅና አጎንብሶ መሮጥ በቀላሉ የሚገኙ አይደሉም። ከመንዝ ደጋ የሚያገኘው ትንፋሽም ይረዳዋል። ዱላውን ግን እንደ አዲስ መማር አለበት። የሆኪ ዱላ ግራ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ቀኝ ጎኑ ድብልብል ሲሆን ኳስ መንካት የሚፈቀደው በጠፍጣፋው ብቻ ነው፤ ለግራኝ ተብሎ በተቃራኒው የተሠራ ዱላ ደግሞ አይፈቀድም። ግራ እጅ የዱላውን ጫፍ ይዞ እንደ ቁልፍ ያዞረዋል፤ ቀኝ እጅ ዝቅ ብሎ መሐሉ ላይ ላላ ብሎ ይይዘዋል። ኳሷን ወደ ግራ ከገፉ በኋላ ወደ ቀኝ ለመመለስ ዱላውን በፍጥነት ገልብጦ ቆልማማው ጫፍ መሬት እንዲያይ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አብዶው ሁሉ ያለው በዚህች የግራ እጅ መዞር ውስጥ ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው ብሂልም እዚህ አይሠራም፤ ኳስን አደገኛ በሆነ መንገድ ማጎን ወይም ሰውን በዱላ መምታት ያስቀጣል፤ አረንጓዴ ካርድ ያየ ተጫዋች ለ2 ደቂቃ፣ ቢጫ ያየ ቢያንስ ለ5 ደቂቃ ከሜዳ ይወጣል።

ከሁሉ የሚከብደው የሜዳው ጉዳይ ነው። ዓለም አቀፍ ሆኪ የሚካሄደው በሰው ሠራሽ ሣር ላይ ነው። ኦሎምፒክ ወደዚህ ሣር የተሻገረው እ.ኤ.አ. በ1976 በሞንትሪያል ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ሰባት ጊዜ ወርቅ ያገኘችው ህንድ በዚያ ውድድር ሰባተኛ ወጣች። በተፈጥሮ ሣር ላይ የሚያድግ ተጫዋች ኳስ እየነጠረች ስለምታስቸግረው ማቆምንና ማታለልን ይለምዳል፤ በሰው ሠራሹ ላይ ኳስ ስለምትፈጥን ሩጫና ረጅም ቅብብል ይበልጣሉ። እንዲህ ያለውን ሜዳ ማንጠፍ ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ ድኻ አገሮች ወደ ኋላ ቀርተዋል፤ በእኔ እምነት ይህ በሆኪ ላይ የደረሰ ትልቅ በደል ነው።

ቅርባችን ያለችው የሆኪ አገር ኬንያ ናት፤ ወንዶች ቡድኗ እ.ኤ.አ. በ1971 በመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ አራተኛ ወጥቶ ነበር፤ ዛሬም በናይሮቢ የፖሊስና የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች በሊግ ይጋጠማሉ። እዚያ የመሄድ ዕድል እስኪያገኝ ግን ልጁ በቅርጫት ኳስ ሜዳ ሲሚንቶ ላይ የግራ እጁን ይለማመድ። ጓደኞች ካሉት በአምስት በአምስት ሰው በትንሽ ሜዳ የሚካሄደውን ሆኪ ፋይቭስ ይሞክሩ፤ ይህ ዓይነቱ እ.ኤ.አ. በ2024 በኦማን የራሱ የዓለም ዋንጫ ተካሂዶለታል። በባህል ስፖርቶች ውድድር ላይ ገና ራሱን የቻለ ጨዋታ ስለሆነ፣ በዞኑ ምርጫ ላይ እንዲቀርብ እርስዎ ቢያግዙት መልካም ነው።

ጥያቄ፦ አንዲት የአፍሪካ አገር በሆኪ የኦሎምፒክ ወርቅ አግኝታለች የሚባለው እውነት ነው? (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ እውነት ነው። ምሩጽ ይፍጠር ሁለት ወርቅ ባመጣልን በዚያው እ.ኤ.አ. በ1980ው የሞስኮ ኦሎምፒክ የሴቶች ሆኪ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ፣ ነጻ ከወጣች ጥቂት ወራት ብቻ የሆናት ዚምባብዌ አሸነፈች። ብዙ አገሮች በፖለቲካ ምክንያት ስለቀሩ ጥሪው የደረሳት ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ጊዜ ሲቀረው ነበር። ተጫዋቾቹ ሁሉም ነጮች መሆናቸው ጨዋታው በቅኝ ግዛቱ ዘመን ለማን ብቻ ክፍት እንደነበረ የሚያሳይ ሐቅ ነው። ስድስት ቡድኖች እርስ በርስ ተጋጥመው፣ ዚምባብዌ በመጨረሻው ጨዋታ ኦስትሪያን 4 ለ 1 ረትታ ወርቁን ወሰደች።